ታላቁ ገበሬና ተለማማጁ፦ ወጣቶችን በማኅበር ውስጥ ስለማብቃት

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



በምሥረታ በዓል ላይ የተለመደው ንግግር የተገዛውን የጭነት መኪና፣ የተሠራውን መጋዘንና ወደ ውጭ የተላከውን ቡና መቁጠር ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ የተሠራ ሥራ ሊነገር ይገባል። ነገር ግን የአንድ ነባር የቡና ገበሬዎች ማኅበር የአባላት መዝገብ ተገልጦ የዕድሜው ዓምድ ቢታይ ሌላ ጥያቄ ይነሳል። በ1991 ዓ.ም. የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ሲወጣ ዕጣ የገዛው የ40 ዓመት ጎልማሳ ዛሬ አዛውንት ሆኗል። አዋጁ ራሱ እንኳ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ተተክቷል። ሕጉ ተተኪ አግኝቷል፤ ገበሬውስ?

በቀበሌው ወጣት ጠፍቶ አይደለም። ወጣቱ አለ፤ የሌለው በማኅበሩ መዝገብ ላይ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ዕድሜው 18 ዓመት የሞላና በግብርና መተዳደር የሚፈልግ ዜጋ የመሬት የመጠቀም መብት እንዳለው ደንግጎ ነበር። መብቱ ቢደነገግም መሬቱ አይለጠጥም። አባት ግማሽ ሄክታር ቡና ይዞ ለአምስት ልጆች ሲያካፍል የሚደርሰው ጥቂት እግር ቡና ነው። ስለዚህ አንዱ ወደ ከተማ ይወጣል፣ አንዷ ወደ ዓረብ አገር ትሄዳለች፣ የቀረው በለቀማ ወቅት ጆንያ ተሸካሚ ሆኖ ከማኅበሩ ጋር ይተዋወቃል። ማኅበሩ ወጣቱን በጉልበቱ ብቻ የሚያውቀው ከሆነ ወጣቱም ማኅበሩን በቀን ሥራ ክፍያው ብቻ ያውቀዋል።

ለዚህ ችግር እስከ ዛሬ ሲሰጥ የቆየው መልስ በአመዛኙ ሥልጠናና ብድር ነው። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 995 የተቋቋመው የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ትልቅ እርምጃ እንደነበረ የሚካድ አይደለም። ይሁን እንጂ ገንዘብ ብቻውን ቡና መግረዝ አያስተምርም። ሥልጠናውም ቢሆን ሦስት ቀን በአዳራሽ ተቀምጦ፣ ፊርማ ፈርሞ፣ ውሎ አበል ተቀብሎ መለያየት ሆኖ ሲቀር ይታያል። በሪፖርቱ ላይ «ይህን ያህል ወጣቶች ሠለጠኑ» ተብሎ ይጻፋል፤ ከሠለጠኑት ውስጥ ስንቱ በቀጣዩ ጥቅምት እርጥብ ቡና ለማኅበሩ እንዳስረከበ ግን የሚጠይቅ አይገኝም።

እዚህ ላይ የሚቀርበው ሐሳብ ከሥልጠናው የተለየ ነው። አንድ ልምድ ያለው ገበሬ ከአንድ ወጣት ጋር በስም ተጣምሮ፣ በተወሰነ ጊዜና በታወቀ ውል፣ ሥራውንም የማኅበሩንም ጠባይ የሚያሳይበት ፕሮግራም ነው። ታላቁን አለማማጅ፣ ወጣቱን ተለማማጅ ማለት ይቻላል። ነገሩ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ከየኔታ እግር ሥር ዓመታት ተቀምጦ ነው ዜማ የሚለየው። ሸማኔ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ነው መወርወሪያ የሚያስይዘው። የገበሬ ልጅም እርፍ የጨበጠው የአባቱ እጅ በእጁ ላይ ሆኖ ነው። አዲስ የሚሆነው ይህን የቤተሰብ ልማድ ማኅበሩ በደንቡ አስገብቶ፣ መሬት ላላወረሰው አባት ልጅም ጭምር እንዲዳረስ ማድረጉ ነው።

በሌላ አገር ይህ ዓይነቱ ፕሮግራም በጥናት ተፈትሿል። በአሜሪካ በፈረንጆች 1904 ኒው ዮርክ ላይ ከተጀመረ እንቅስቃሴ የመጣው «ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ» የተባለው ድርጅት አንድን ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ያጣምራል። በ1995 የታተመ ጥናት ከ10 እስከ 16 ዓመት የሆኑ 959 ልጆችን ተከታትሎ፣ የተጣመሩት ካልተጣመሩት ይልቅ ከትምህርት ቤት መቅረታቸው በግማሽ ያህል ቀንሶ፣ አደንዛዥ ዕፅ የመጀመር ዕድላቸውም በ46 በመቶ አንሶ አገኘ። ዜናው ደስ የሚያሰኝ ነው። ለማኅበራት የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ጂን ግሮስማንና ጂን ሮድስ የተባሉ ተመራማሪዎች ያንኑ መረጃ በቆይታ ጊዜ ከፋፍለው መርምረው በ2002 ባሳተሙት ሥራ፣ ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ግንኙነታቸው አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ በዘለቀው ልጆች ላይ መሆኑን አሳዩ። በሦስት ወር ውስጥ በተቋረጠባቸው ልጆች ላይ ደግሞ ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ጭራሽ ወርዶ ተገኘ።

የአሜሪካ ከተማ ልጅና የቡና ገበሬ ልጅ አንድ አይደሉም። ነገር ግን «እኔ አለሁልህ» ተብሎ በሦስተኛው ወር መተው በየትኛውም አገር ያቆስላል። ከዚህ በመነሳት አንድ ነገር ሊሰመርበት ይገባል፤ ዓመት የማይዘልቅ ጥምረት ከመጀመር አለመጀመር ይሻላል። አንድ ማኅበር 60 ወጣት በሰልፍ አስመዝግቦ ከሚበትን 6ቱን ይዞ ዓመቱን ቢጨርስ ይመረጣል። የወረዳ ባለሙያዎችም ቁጥር በመጠየቅ ማኅበራትን ወደ ሰልፉ ባይገፏቸው መልካም ነው።

ዓመት ሲባልም የጥር ወይም የመስከረም ዓመት ሳይሆን የቡና ዓመት ነው፤ ከአበባው ጀምሮ እስከ ለቀማውና እስከ ሽያጩ። የቡና ዕውቀት በየወሩ ይለያያልና። በበጋ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ የጥላው ዛፍ ይስተካከላል። ክረምት ላይ ችግኝ ይተከላል፣ ይታረማል፣ ፍሬው ላይ የሚወጣው ጥቁር ነጥብ ይታያል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገሪቱ ገብቶ ማሳ ሲያራቁት ያዩ አዛውንቶች ያን ነጥብ ሲያዩ የሚሰማቸው ሌላ ነው። በጅማ የምርምር ማዕከል ተመርጠው የወጡት 74110ና 74112 የተባሉት ዝርያዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ሆነው ለምን እንደተፈለጉ ከእነርሱ አፍ የሰማ ወጣት ዘር ሲመርጥ በቁጥሩ አይሰለችም።

በለቀማ ጊዜ ደግሞ እጅ ይማራል። ከአንድ ዛፍ ሦስትና አራት ጊዜ ተመላልሶ ቀዩን ብቻ መልቀም ለቸኮለ ሰው ከባድ ነው። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ያህል እሸት ስለሚያስፈልግ፣ አረንጓዴ የተቀላቀለበት ጆንያ ለለቃሚው የሞላ ቢመስልም ለማኅበሩ ጎዶሎ ነው። በማጠቢያው ጣቢያ እሸቱ በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት። በገንዳ ውስጥ ያለው ቡና መብላላቱን መጨረሱን የሚያውቀው ሰው እፍኝ አንሥቶ ሲያሸው ልስላሴው ጠፍቶ እንደ ጠጠር መሻከሩን በመዳፉ ይለያል። ይህ በነጭ ሰሌዳ አይጻፍም። በአልጋው ላይ ቡናው እርጥበቱ 12 በመቶ ገደማ እስኪደርስ ሲገላበጥ፣ በቀትር ሲሸፈን፣ ዝናብ ሲያስገመግም በሩጫ ሲከደን አጠገቡ የዋለ ወጣት የጥራት ደረጃ ማለት ምን እንደሆነ ነጋሪ አያሻውም።

ዕውቀቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይፈስም። ጉንደላን መውሰድ ይቻላል። ያረጀ ቡና ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በሰያፍ ተቆርጦ አዲስ ቀንበጥ እንዲያወጣ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ለዓመታት መክረዋል። ብዙ አዛውንት አልተቀበሉትም፤ እምቢታቸውም ከስንፍና አይደለም። ሁለት ዓመት ያህል ፍሬ ማጣት ሌላ ገቢ ለሌለው ሰው ከቤት መብራት ማጥፋት ነው። በዚህ ጊዜ ደብተርና የስልክ ሒሳብ ማሽን የያዘ ተለማማጅ ከአለማማጁ ጋር ማሳውን በአራት ወይም በአምስት ከፍሎ፣ በየዓመቱ አንዱን ክፍል ብቻ ቢጎነድል የሚቀረውን ገቢ ቁጭ ብሎ ሊያሰላ ይችላል። የባለሙያ ምክር ያላሳመነውን ሽማግሌ የቤቱ ሒሳብ ያሳምነዋል።

ከማሳው ይልቅ የሚከብደው ግን ሚዛኑ ነው። ወጣቱ ማኅበርን የሚያምነው ወይም የሚጠላው እዚያ ነው። ስለዚህ ተለማማጁ ከለቀማው ወቅት የተወሰኑ ሳምንታት ከመዛኙና ከጸሐፊው አጠገብ ቆሞ ሲመዘን ማየት፣ ደረሰኝ ሲቆረጥ ማየት፣ ማታ መዝገብና ገንዘብ ሲመሳከር ማየት አለበት። ከዚያም አንድ የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ይዞት የሒሳብ መግለጫ እንዴት እንደሚነበብ፣ ትርፍ ክፍፍል ከየት እንደሚመጣና ለመጠባበቂያ የሚቀነሰው ገንዘብ የት እንደሚቀመጥ ያሳየው። በዚህ የሚከፋ ኮሚቴ ካለ ችግሩ ከወጣቱ አይደለም።

አለማማጅ ሲመረጥ በሞዴል አርሶ አደርነት የተሸለመው ሁሉ ይሆናል ማለት አይቻልም። አንዳንዱ ምርቱ ግሩም ሆኖ ሰው ፊት ይቆጣል፤ አንዳንዱ ተለማማጅ ሲሰጡት አራሚ ያገኘ ይመስለዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል፤ ከዚያ በላይ የሆነውም ቢሆን ተለማማጅ ተብሎ ነጻ ጉልበት መሆን የለበትም። ለሠራበት ቀን እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ይከፈለው፤ ለሚማርበት ቀን ይማር። አለማማጁም ስጋት አለበት፤ ዛሬ ማሳዬ የገባ ነገ ይዞታዬን ይጠይቃል ብሎ ያስባል። ልምምዱ በይዞታ ላይ ምንም መብት እንደማይፈጥር በሁለቱ ቤተሰብ ፊት በጽሑፍ ከተቀመጠ ይህ ስጋት ይቀላል።

ስለ ሴቶች ወጣቶች ለብቻ ማሰብ ያስፈልጋል። ለቀማውና በአልጋ ላይ ለቀቅ ለቀቅ እያደረጉ ብልሹውን መለየት በአብዛኛው የሴቶች እጅ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ በማኅበሩ መዝገብ የሚጻፈው ግን ብዙ ጊዜ የአባወራው ስም ነው። ሴት ተለማማጅ ከሴት አለማማጅ ጋር ትጣመር፤ ግንኙነቱ በቀንና በግልጽ ቦታ ይሁን፤ ጣቢያው ማታ ሲሠራ ወደ ቤት የሚያደርሳት ሰው አስቀድሞ ይታወቅ። ቅሬታ ቢኖራት ለአለማማጇ ሳይሆን ለሌላ ሰው የምትናገርበት መንገድ ይኑር። ለወንዶቹም ይኸው ይሠራል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው አይቀርም። ፕሮግራሙ ሕንፃ አይጠይቅም፤ ደብተር፣ የመግረዣ መቀስና የአንድ አስተባባሪ ጊዜ ይበቃዋል። በፈረንጆች 1844 ሮችዴል በተባለች የእንግሊዝ ከተማ ማኅበር ያቋቋሙት ሠራተኞች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከትርፋቸው 2.5 በመቶ ለትምህርት ይመድቡ ነበር። የዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኅብረት በ1995 ያጸደቀው አምስተኛው መርሕም ትምህርትንና ሥልጠናን ሲያነሣ ወጣቶችን በስም ይጠቅሳል። ዓመቱን ለጨረሰ ተለማማጅ የሚሰጠው ደግሞ የምስክር ወረቀት ብቻ ባይሆን ይመረጣል። ከማኅበሩ ችግኝ ጣቢያ የተወሰኑ ችግኞች፣ በክፍያ የሚጠናቀቅ አንድ ዕጣ፣ በጠቅላላ ጉባኤ መቀመጫ ቢያገኝ ስሙ መዝገቡ ላይ ይገባል። መሬት የሌለው በችግኝ ማፍላት፣ በማጠቢያ ጣቢያ ሥራ፣ በመግረዝ አገልግሎት ሊሰማራ ይችላል፤ ቡና በሚጎነደልበት አገር መቀስ የያዘ ጥሩ እጅ ሥራ አያጣም።

ለመጀመር የሚመቸው ጊዜ ከለቀማው በኋላ፣ ከአበባው በፊት ያለው ነው። በእነዚህ ሳምንታት የየማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ ሦስት ወይም አራት አለማማጆችን ለይቶ፣ ቤተሰቦቻቸውን አነጋግሮ፣ ወጣቶቹ ራሳቸው አለማማጃቸውን እንዲመርጡ ቢያደርግ፣ ውሉም በቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ተይዞ ቢጸድቅ፣ ጥንዶቹ የክረምቱን ጉድጓድ አብረው ለመቆፈር ይደርሳሉ።