ስለ ፀሐይ ኤሌክትሪክ የሽቦ መጋጠሚያ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ ትልቅ ነገር እንድንናገር ትጠብቁ ይሆናል። እኛ ግን የተነሣነው የጣት ጥፍር ስለምታህል ነገር፥ ይኸውም ሁለት ሽቦ ስለሚገናኝበት ቦታ ልንናገር ነው።

ክልላችን ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የኤሌክትሪክ ምንጭ መሆኑ የታወቀ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፥ 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የሚችለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚገኘው በጉባ ወረዳ ነው። ይሁን እንጂ መስመር ያልደረሰባቸው የገጠር ቀበሌዎች ገና ብዙ ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች ተማሪ የሚያጠናው፥ ስልክም የሚሞላው በሶላር ነው።

ባለፈው ክረምት እኛ ጥቂት ተማሪዎች ከአሶሳ ወጥተን ለአንድ ጓደኛችን ቤተሰብ ሶላር ገጠምን። ከባትሪው ወደ አምፖሎቹና ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄደው ሽቦ ስላጠረን ሌላ ቀጠልንበት፤ ጫፎቹን በጣታችን ጠምዝዘን ናስትሮ ጠቀለልንበት። መብራቱ በራ፤ ቤተሰቡ መረቁን፤ እኛም ኮራን። ከሦስት ሳምንት በኋላ የጓደኛችን እናት የተቃጠለ ላስቲክ ሸተታቸውና ቀና ቢሉ መጋጠሚያው ጠቁሮ ይጤሳል። ፈጥነው ከባትሪው ባይነቅሉት ኖሮ የቀርከሃው ግድግዳና የሣሩ ክዳን፥ ከሥሩ የተኙትም ሕፃናት ምን በሆኑ ነበር! ጥፋቱ የእኛ ነው።

«12 ቮልት ሰው አይገድልም» ብለን ንቀነው ነበር። ነገር ግን ቮልቱ ባነሰ መጠን ኮረንቲው ይበዛል። 120 ዋት የሚፈጅ ዕቃ በ220 ቮልት የሚስበው ከግማሽ አምፔር ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፥ በ12 ቮልት ግን 10 አምፔር ይስባል። ሙቀቱም ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። የላላ መጋጠሚያ 0.3 ኦም ብቻ ቢቃወም፥ በ10 አምፔር 30 ዋት ሙቀት በዚያች ነጥብ ላይ ይከማቻል፤ ይህም የአንድ ትንሽ የመበየጃ ካውያ ግለት ነው። ፊውዝም ከዚህ አያድንም። ፊውዝ የሚቆርጠው ኮረንቲ ሲበዛ ነው፤ የላላ መጋጠሚያ ግን ኮረንቲውን ሳያበዛ ይግላል። ደግሞም የመስመር ኮረንቲ በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚሆን ብልጭታው ቶሎ ይጠፋል፤ የሶላር ኮረንቲ ግን ሳያቋርጥ ስለሚፈስ ብልጭታው በቀላሉ አይጠፋም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከሁሉ የሚሻለው መጋጠሚያ ያልበዛበት ሽቦ ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ ለክቶ መግዛት ይገባል። መቀጠል ግድ ከሆነ፥ ጫፎቹን አጽድቶ በልካቸው በተሠራ የመዳብ ቱቦ ውስጥ አግብቶ፥ ለዚሁ በተሠራ ፒንሳ መጨፍለቅ፥ ወይም በብሎን በሚያጠብቅ ማያያዣ ማሰር ነው። መዶሻ የፒንሳን ሥራ አይሠራም። በሊድ የሚበይድ ሰው ሽቦውን አስቀድሞ አጥብቆ ያያይዘው፤ ሊድ የነካውንም ጫፍ ከብሎን ሥር አያስገባው፥ ሊድ ለስላሳ ስለሆነ እየዋለ እያደረ ይላላልና። መዳብንና አሉሚኒየምን በቀጥታ ማጋጠም አይገባም። በጣሪያ ላይ የሚሰኩት ማያያዣዎች ወንዴውም ሴቴውም የአንድ ፋብሪካ ሥራ ይሁኑ፤ ኮረንቲ እየሄደም አይነቀሉ። በመጨረሻም መጋጠሚያው ከሣር ርቆ፥ እጅና ዓይን በሚደርሱበት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ሲጎትቱት የሚንቀሳቀስ ከሆነም እንደ ገና ይሠራ። ናስትሮ ይሸፍናል እንጂ አያስርም።

እኛም ተመልሰን ሄድን፤ የጠቆረውን ቆርጠን ጥለን፥ ገንዘብ አዋጥተን በገዛነው አንድ ወጥ ሽቦ ተካነው። እናቲቱ አልተቆጡንም፤ «አሁንስ ልጆቼን አስተኝቼ እተኛለሁን?» ብለው ብቻ ጠየቁን። ከፈተናዎቻችን ሁሉ የከበደን ይህ ጥያቄ ነበር። «አዎን» ከማለታችን በፊት እያንዳንዱን ብሎን አንድ በአንድ እንደ ገና አጠበቅን።

ወላጆቻችን ሆይ፥ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ከናስትሮው ሥር ያለውን አስመርምሩ። አባቶቻችን «ነገርን ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ጭምር ነው።