በክረምት ዕረፍት የእንቁራሪትና የገበሎ ፍለጋ
(ስለ ባሌ ተራሮች ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ትምህርት ቤት ተዘግቶ መምህሩ ወደ ትውልድ ቀዬው የሚያቀናበት ወራት ዝናሙ የሚበረታበት፣ ጨፌው ውኃ የሚቋጥርበት፣ እንቁራሪቱም ሌሊቱን የሚንጫጫበት ወራት ነው። ይህ መገጣጠም ለተፈጥሮ ሳይንስ መምህር እንደ መልካም ዕድል ሊቆጠር በተገባው ነበር። ይሁን እንጂ ወደ ገጠር የወጣ የከተማ ሰው ዓይኑን የሚጥለው በወፉና በአጋዘኑ ላይ ነው፤ ከእግሩ ሥር ያለውን ፍጡር ወይ አያየውም፣ ወይም ካየው በድንጋይ ይቀጠቅጠዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ፍርሃቱ ከእፉኝት አልፎ ምንም መርዝ ለሌላት ለእስስት እንኳ ተርፏል።

ለእንዲህ ያለው ፍለጋ እንደ ባሌ ተራሮች የተመቸ ስፍራ በኢትዮጵያ ጥቂት ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ በመጀመሪያ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣል፤ ከአምባው ላይ ቱሉ ዲምቱ እስከ 4,377 ሜትር ይነሣል። ከዚያም መንገዱ በአስታው ውስጥ ቁልቁል ወርዶ ሐረና ደን ይገባል። በአምባው ላይ እንሽላሊት የሚሻ ሰው ማልዶ ቢነሣ ትርፉ ብርድ ብቻ ነው፤ ገበሎ አስተኔ ሙቀቱን የሚያገኘው ከውጭ በመሆኑ ፀሐይ ድንጋዩን እስክታሞቀው መጠበቅ ግድ ይላል። በደኑ ውስጥ ግን ሥራው የሌሊት ነው። እስስት ቀኑን ከቅጠሉ ጋር ተመሳስላ ዓይን ስታታልል ትውላለች፤ ሲመሽ ግን በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ተኝታ ቀለሟ ስለሚነጣ፣ የእጅ ባትሪ ብርሃን ሲያርፍባት ከሩቅ ትለያለች።

ይሁንና የባሌ ትልቁ ሀብት እንቁራሪት አስተኔዎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 ለሳይንስ የተገለጠችው የማልኮልም ጉርጥ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ስትሆን፣ የምትኖረው በደጋው ሣርና በአስታው መካከል ነው። በመማሪያ መጽሐፍ የሚሣለው ዑደት፣ ማለትም ዕንቁላል በውኃ ውስጥ፣ ቀጥሎም የሚዋኝ ዕጭ የሚለው፣ ለእርስዋ አይሠራም። ጽንሱ በእናቲቱ ሆድ ውስጥ ይጀመራል፤ ዕንቁላሉም የሚጣለው በረጠበ መሬት ላይ ነው፤ ዕጩ በአስኳሉ ስንቅ ብቻ አድጎ ሳይዋኝ ጉርጥ ይሆናል። ይህን በሥዕል ሰሌዳ ላይ ብቻ ያስተማረ መምህር አንድ ጊዜ በሥፍራው ቢያየው የክፍሉ ትምህርት ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

የእኅቷ ታሪክ ግን ያሳዝናል። የኦስጉድ ጉርጥ በ1932 ተገልጣ ስሟን ከአሜሪካዊው የእንስሳት ተመራማሪ ከዊልፍሬድ ኦስጉድ ወሰደች፤ በባሌ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው በ2003 ነበር። ከዚያ ወዲህ ተፈልጋ አልተገኘችም። ከባሌ በቀር በየትኛውም ምድር የማትኖረው፣ በ1991 የተገለጠችው ኤሪካባትራከስ የተባለች ትንሽ እንቁራሪትም እጅግ እንደ መነመነች በ2013 የወጣ ጥናት አስታውቋል። የደኑ መመንጠርና በወንዝ ዳር የከብት ግጦሽ መብዛት መኖሪያቸውን አጥብቦታል። በዚህም ላይ ኪትሪድ የሚባለው፣ በ1999 የታወቀው ፈንገስ በኢትዮጵያ ደጋ በሚኖሩ እንቁራሪቶች ላይ በብዛት ተገኝቷል። እንቁራሪት ውኃ የሚጠጣውም የጨው ሚዛኑን የሚጠብቀውም በቆዳው ነው፤ ፈንገሱ የሚያጠቃው ደግሞ ይህንኑ ቆዳ ነው፤ የከፋ እንደ ሆነ ልብን እስከ ማቆም ይደርሳል።

እዚህ ላይ ነው የእንግዳው ጫማ ነገር የሚነሣው። ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው በእርጥብ ጫማ የሚሻገር ሰው ሊያያቸው የወጣቸውን ፍጡራን ራሱ ሊገድል ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጭቃውን ማራገፍና ጫማውን ፈጽሞ ማድረቅ፤ ፈንገሱ ድርቀትን አይችልም። የወባ ትንኝ ቅባት የነካው እጅም እንቁራሪትን መንካት የለበትም። የተገለበጠ ድንጋይ እንደ ነበረ ይመለሳል፤ በመጀመሪያ ግን ከሥሩ የተገኘው እንስሳ ወደ ጎን ይደረጋል፤ ድንጋዩም ከተመለሰ በኋላ ራሱ ፈልጎ ይገባል። ብዙ ሰው ይህን ይረሳል፤ እንስሳው በድንጋዩ ተጨፍልቆ ይቀራል።

ስለ እባብ የሚባለው አጭር ነው። ዓይን ያላየው ጉድጓድ ውስጥ እጅ አይገባም፤ ድንጋይም ወደ ራስ በኩል ይነሣል እንጂ በተቃራኒው አይሆንም፤ እንዲህ ሲሆን ድንጋዩ ራሱ ጋሻ ይሆናልና። የተነደፈ ሰው ቁስሉ አይበጣ፣ አይመጠጥ፣ በገመድ አይታሰር፤ የተነደፈው አካል ሳይንቀሳቀስ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ከዚህ ያለፈው ፍርሃት ግን ዕውቀትን ይጎዳል። ቢቲስ ሐረና የተባለችው ትልቅ እፉኝት አዲስ ዝርያ መሆኗ የተገለጠው በ2016 ነው፤ ማስረጃውም ለብዙ ዓመታት በሙዚየም ተቀምጦ የቆየ አንድ ናሙናና በሐረና ደን ከነሕይወቷ የተነሣ ፎቶግራፍ ነበር። መንገድ ላይ ያገኛት ሰው ዱላ አንሥቶ ቢሆን ኖሮ ፎቶግራፉ አይኖርም ነበር።

እንስሳ ይዞ መመለስ ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ከፍታው፣ የወንዙ ስምና ፎቶግራፉ ይበቃሉ። ያልተገኘውም ይጻፍ፤ ለምሳሌ በአንድ ወንዝ ዳር ሦስት ሌሊት ተፈልጎ አንዲት ጉርጥ እንኳ ካልታየች፣ ይህ ለሚቀጥለው ፈላጊ ከአሥር የእስስት ፎቶግራፍ ይልቅ ይጠቅመዋል። የመግቢያ ፈቃድ በዲንሾ ከሚገኘው ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይጠየቃል፤ የማስታወሻው ግልባጭም ለዚያው ጽሕፈት ቤትና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቢደርስ ከጓዳ መሳቢያ ይልቅ በዚያ ይነበባል።