ማይክሮፎኑ የት ይቁም? በአነስተኛ በጀት የባንድ ልምምድንና የባህል የሙዚቃ መሣሪያዎችን ስለ መቅረጽ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእስ ከአንድ ተደጋጋሚ ጥያቄ የመነጨ ነው። ተማሪዎች ባንድ ሲመሠርቱ፣ ወይም ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ከአንድ ባለሙያ ዘንድ ሄደው ድምፅ ለመቅረጽ ሲነሡ፣ «ይህችን ያህል ገንዘብ አለን፤ የትኛውን ማይክሮፎን እንግዛ?» እያሉ ይመጣሉ። ጥያቄው አግባብ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን መስተካከል አለበት። ገንዘብ ሲያንስ በቅድሚያ መመረጥ ያለበት ማይክሮፎኑ የሚቆምበት ስፍራ ነው። የማይክሮፎኑ ዓይነት ሁለተኛ ይመጣል፤ የንግድ ምልክቱ ደግሞ እጅግ ዘግይቶ። በዚህ ምሽት ይህንን በቁጥርም በጆሮም ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ጉዳዩን እንደ ተራ የዕቃ ግዢ እንዳላየው የሚያደርገኝ ምክንያት አለ። አንድ ባንድ ዛሬ የተበላሸበትን የልምምድ ቅጂ በሚቀጥለው ሳምንት ይደግመዋል። በገና የሚደረድሩ አንድ አዛውንት ግን ዳግመኛ ላይገኙ ይችላሉ። ለግምገማ ከሚቀርቡልኝ የመስክ ቅጂዎች መካከል የደርዳሪው ጣት ሳይሰማ የክፍሉ ማስተጋባት የሚሰማባቸው ጥቂት አይደሉም። ያ ቅጂ ከሃያ ዓመት በኋላ ብቸኛው ማስረጃ ሆኖ ቢቀር፣ ተመራማሪው የሚያጠናው ዜማውን ሳይሆን ግድግዳውን ይሆናል።

እስቲ ከክፍሉ እንነሣ። አብዛኛው የልምምድ ቤታችን የብሎኬት ግድግዳ፣ የሲሚንቶ ወለልና የቆርቆሮ ክዳን ያለው ነው። በክረምት ዝናቡ ክዳኑን ሲመታ ልምምዱ ራሱ ይቋረጣል፤ በበጋም ቢሆን ጠጣሩ ግድግዳ ድምፁን መልሶ ይወረውራል። ፊዚክሱ እንዲህ ነው። ከመሣሪያው በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከግድግዳና ከጣሪያ ተንጸባርቆ ክፍሉን የሞላው ድምፅ ግን በየትኛውም ማእዘን ብትቆሙ ከሞላ ጎደል እኩል ነው። እንግዲህ ከክራር 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ የቆመን ማይክሮፎን ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ብናቀርበው ርቀቱ ሁለት ጊዜ በግማሽ ተቀንሷል፤ ስለዚህ የክራሩ ድምፅ ከክፍሉ ድምፅ አንጻር 12 ዴሲቤል ያህል ያድጋል። ወጪው ምንም ነው።

ከዚህ ጋር የማይክሮፎኑ ምርጫ የሚሰጠንን እናነጻጽር። ከሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚሰማውን ማይክሮፎን ትተን ካርዲዮይድ የሚባለውን፣ ማለትም ፊት ለፊቱን አጉልቶ ሰምቶ ከኋላው የሚመጣውን የሚቀንሰውን ብንመርጥ፣ የተበተነው የክፍሉ ድምፅ የሚቀንሰው 5 ዴሲቤል ገደማ ነው። ይህ ጠቃሚ ነው፤ ከ12 ግን ያነሰ ነው። ርካሽ ካርዲዮይድን በውድ ካርዲዮይድ በመተካት በዚህ ረገድ የሚገኘው ትርፍ ደግሞ ከዚህም በእጅጉ ያንሳል። በመስኮቱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ መስቀል፣ ወለሉን በምንጣፍ መሸፈን፣ ከመሣሪያው ጀርባ ፍራሽ ማቆም፣ እነዚህ ሁሉ ከማይክሮፎን ለውጥ በፊት የሚታሰቡ ናቸው።

ይህ አስተሳሰብ አዲስ አይደለም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ ጀርመን ተጉዘው ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ፣ ማይክሮፎን በቀረጻ ሥራ ውስጥ ገና አልገባም ነበር። ዘፋኙ በትልቅ መለከት አፍ ፊት ይቆማል፤ የድምፁ ግፊት መርፌውን አንቀሳቅሶ በሰም ላይ ይቀርጻል። የኤሌክትሪክ ቀረጻ በገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ከዚያ በፊት ድምፅን የማመጣጠን ሥራ ሁሉ የሚከናወነው ሰውን ወደ መለከቱ በማቅረብና ከመለከቱ በማራቅ ነበር። ያ ጥበብ ዛሬም ሳይቀየር ይሠራል፤ ምርጫው በበዛ ጊዜ እየተረሳ መሄዱ ነው የሚያሳዝነው።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ እንምጣ። ለአቅማችን የሚመጥኑት በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ዳይናሚክ የሚባለው በስስ ሽፋን ላይ የተጣበቀ ጥምጥም ሽቦ በማግኔት መካከል ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ነው። ከውጭ ኃይል አይፈልግም፤ መውደቅንና አቧራን ይችላል፤ ብርቱ ድምፅ አያስደነግጠውም። ኮንደንሰር ደግሞ ከስስ ሽፋንና ከጠጣር ሳህን የተሠራ ሲሆን፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሲጠብና ሲሰፋ ምልክት ይሰጣል። አብዛኛውን ጊዜ 48 ቮልት በገመዱ በኩል ሊላክለት ይገባል። ጌርሃርድ ሴስለርና ጄምስ ዌስት በቤል ላብራቶሪዎች እ.ኤ.አ. በ1962 የኤሌክትሬት ማይክሮፎንን ሲሠሩ፣ የኤሌክትሪክ ሙሉን በራሱ ይዞ የሚኖር ሽፋን ስለ ተገኘ የኮንደንሰር ዋጋ በእጅጉ ወረደ። ዛሬ ተማሪ ኮንደንሰር መግዛት የሚችለው በአመዛኙ በዚያ ሥራ ምክንያት ነው።

በሙዚቀኞች ዘንድ «ኮንደንሰር ክፍሉን ይስባል፤ ዳይናሚክ ግን አይስብም» የሚል አባባል አለ። አባባሉ በዚህ መልኩ ትክክል አይደለም። የአቅጣጫ አሰማማቸው አንድ ዓይነት ከሆነና በእኩል ርቀት ከቆሙ ሁለቱም የሚሰሙት የመሣሪያና የክፍል ድምፅ ምጣኔ አንድ ነው። ዳይናሚክ ክፍሉን የማይሰማ የሚመስለው ሁልጊዜ ከአፍና ከመሣሪያ ሥር ስለሚቆም ነው። እንደገና ርቀት ማለት ነው! ይሁንና ለባንድ ልምምድ ዳይናሚክን የምመርጥበት ሌላ ምክንያት አለኝ። ብዙዎቹ ርካሽ ኮንደንሰሮች ከፍተኛውን ድግግሞሽ ከመጠን በላይ ያጎላሉ፤ በመደብር ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ሲሞከሩ «ጥርት ያለ» ይመስላል። በቆርቆሮ ክዳን ሥር ከድራም ጽናጽል ጋር ለሁለት ሰዓት ሲሰማ ግን ጆሮን ይወጋል።

እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው ሹር ኤስኤም57 እና በ1966 የተከተለው ኤስኤም58 እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በውጭ ገበያ ለብዙ ዓመታት 100 የአሜሪካ ዶላር አካባቢ ሲሸጡ ኖረዋል። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ላክል፦ ኤስኤም58 በሐሰት ተመስለው ከሚሠሩት ማይክሮፎኖች አንዱ ነው፤ አምራቹም ስለዚህ ያስጠነቅቃል። ዋጋው ከሚገባው በታች ከሆነ ተጠራጠሩ። ታዋቂ ስም ከተለጠፈበት ሐሰተኛ ዕቃ፣ እንደ ቤሪንገር ኤክስኤም8500 ያለ በራሱ ስም የሚሸጥ ርካሽ ዳይናሚክ ይሻላል።

እነዚህ ማይክሮፎኖች በአመዛኙ ለሰው ድምፅና ለጊታር ማጉያ የታሰቡ ናቸው፤ የእኛን መሣሪያዎች ማንም አስቦላቸው አያውቅም። ስለዚህ መሣሪያን በመሣሪያ መመልከት ግድ ይላል።

ከበሮ ቀላሉ ነው። ዳይናሚክ፣ ከትልቁ ፊት አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ ከመሃሉ ትንሽ ወደ ጠርዝ ያነጣጠረ፤ ይበቃል። ክራር በጣት ሲመታም ሆነ ሲገረፍ በቆዳው ላይ ያነጣጠረ ዳይናሚክ ይስማማዋል፤ ካርዲዮይድ እጅግ ሲቀርብ ወፍራሙን ድምፅ ስለሚያሳብጥ ግን ከ15 ሳንቲ ሜትር በታች አትውረዱ። ዋሽንት የሚናገረው ከአፉ ብቻ አይደለም፤ ከጣት ቀዳዳዎቹና ከታችኛው ጫፉም ነው። ስለዚህ ማይክሮፎኑ ከነፊው ትንፋሽ መንገድ ወጥቶ ወደ ሸምበቆው ወገብ ይመልከት።

ማሲንቆ ያስቸግራል። የፈረስ ጭራው ደጋን አውታሩን ሲፈትግ የሚወጣው ሻካራ ድምፅ የመሣሪያው ጠባይ ነው፤ ቢጠፋ ማሲንቆ አይሆንም፤ ቢበዛም ማዳመጥ አይቻልም። ብዙዎቹ ዳይናሚኮች ከ5 ኪሎ ሄርዝ ገደማ ከፍ የሚያደርጉት ያንኑ ሻካራነት ነው። ስለዚህ ማይክሮፎኑን ፊት ለፊት አታቁሙት፤ ወደ ጎን አዙራችሁ በቆዳው ጥግ በኩል ስሙት። አዝማሪው እየተጫወተ ሲዘፍን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ አንድ ማይክሮፎን ወይስ ሁለት? ተማሪዎች ሁለት ይመርጣሉ፤ እኔ አንድ እላለሁ። ድምፅ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። የማሲንቆው ድምፅ ለአፍ በቆመው ማይክሮፎን ዘንድ በዚህች ልዩነት ዘግይቶ ሲደርስና ሁለቱ በእኩል ጉልበት ሲደባለቁ፣ 500 ሄርዝ ላይ ይጣፋሉ፤ ከዚያም 1500፣ 2500 እያለ ይቀጥላል። ይህ የዜማው እምብርት ነው። ቅጂው የታፈነ፣ በቱቦ ውስጥ ያለፈ ይመስላል፤ ጥፋቱም በማይክሮፎኑ ጥራት ይሳበባል። አንዱን ማይክሮፎን ከአዝማሪው ፊት ግማሽ ሜትር ገደማ ላይ አቁማችሁ፣ ዘፈኑ ሲያንስ ከፍ፣ ማሲንቆው ሲያንስ ዝቅ አድርጉት። ማመጣጠኛው ያ ነው። የተለያዩ ሰዎች በየማይክሮፎናቸው ሲጫወቱ ደግሞ በማይክሮፎኖቹ መካከል ያለው ርቀት እያንዳንዱ ከራሱ መሣሪያ ካለው ርቀት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን።

በገና ላይ ግን ዳይናሚክን አልመክርም። የበገና ድምፅ ዝቅተኛና ለስላሳ ነው፤ ደካማ ምልክት የሚሰጥ ዳይናሚክ ብታቆሙለት የመቅረጫውን ማጉያ እስከ መጨረሻው መክፈት ግድ ይሆናል፤ ከመዝሙሩ ጋር የማሽኑ ፉጨት ይቀረጻል። ከዚህም በላይ፣ በአውታሩና በብርኩማው መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ የሚፈጥረው ንዝረት የበገና መታወቂያ ነው፤ ያ ንዝረት ከወፍራሙ ድምፅ በላይ ብዙ ረቂቅ ድምፆችን ይወልዳል። እነርሱን ለመያዝ አነስተኛ ሽፋን ያለው ኮንደንሰር፣ ከብርኩማው በላይ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ያስፈልጋል። የፋኩልቲያችን ተማሪ አንድ ኮንደንሰር የመግዛት ዕድል ቢኖረው ለዚህ ሥራ ይዋልለት።

ስለ ሙሉ ባንድ ብዙ አልልም። ቤዝ ጊታርና ኪቦርድ ማይክሮፎን አያስፈልጋቸውም፤ በገመድ በቀጥታ ወደ መቅረጫው ይግቡ፤ ያ ገንዘብ ለሌላ ይተርፋል። ለልምምድ፣ ማለትም ስሕተትን ለማዳመጥና ለማረም፣ ሁለት ማይክሮፎን የተገጠመለት እንደ ዙም ያለ የእጅ መቅረጫ ከአራት ርካሽ ማይክሮፎኖች የተሻለ ነው። ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ፣ ከድራሙ አርቃችሁ፣ ወደ ዘፋኙና ወደ ለስላሳዎቹ መሣሪያዎች አቅርባችሁ ስቀሉት። በ24 ቢት ቅረጹ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከጣሪያው 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ ይቁም። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የማይናወጥ መቆሚያ ግዙ። ርቀት ዋናው ነገር ከሆነ፣ ርቀቱን የሚጠብቀው መቆሚያው ነውና፤ በግዢ ዝርዝር ላይ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ መጻፉ ይገርመኛል።

ጠረጴዛው ላይ የምታዩአቸው አንድ ዳይናሚክና ዋጋው እጥፍ የሆነ አንድ ኮንደንሰር ናቸው። አሁን ተማሪያችን ክራሩን ይዞ ወደ መድረክ ይወጣል። ውዱን በ60 ሳንቲ ሜትር፣ ርካሹን በ15 ሳንቲ ሜትር አቁመን እንቀርጻለን፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳንነግራችሁ መልሰን እናሰማችኋለን። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አዳምጡ፤ ጥያቄዎቻችሁን ከዚያ በኋላ እቀበላለሁ።