የኖርተን ኮማንዶ ፍሪሲዮን፦ ዕቃውን ስለ መለየትና ስለ መግጠም



በአንድ የጥገና ቤት ጠረጴዛ ላይ ሁለት የብረት ዲስኮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። ስፋታቸው አንድ ነው፤ መልካቸውም አንድ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ከበሮ ውስጥ ያለ ትግል ይገባሉ። የሚለያዩት በውፍረት ብቻ ሲሆን፣ እሱንም መለኪያ ያልያዘ ሰው በቀላሉ አያስተውለውም። አንደኛው የኖርተን ኮማንዶ 750፣ ሁለተኛው የኮማንዶ 850 የፍሪሲዮን መጫኛ ዲስክ ነው። አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ የሚከለክለው ነገር የለም፤ ሞተሩም ተነሥቶ ይሄዳል። ስሕተቱ የሚታወቀው በኋላ ነው፤ ይኸውም ነጂው የጭነት መኪና ለመቅደም ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ እየጮኸ ጎማው ግን ፍጥነት አልጨምር ያለው ዕለት ነው።

ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ኮማንዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን የኧርልስ ኮርት ትርኢት ላይ ነበር። በ745 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሞተር ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1973 ወደ 828 አደገ፤ ገበያው 750 እና 850 እያለ የሚጠራቸውም እነዚሁ ናቸው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1977 ከቆመ ወዲህ መለዋወጫውን የሚሠሩት ልዩ ልዩ አምራቾች ናቸው። ሞተር ብስክሌቶቹም በየዘመኑ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፈዋል፤ የ750 አካል የ850 ዕቃ ይዞ፣ የ850ውም የ750ን ይዞ መገኘቱ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ በካርቶን ላይ የተጻፈ «ለኮማንዶ» የሚል ቃል ለመሐንዲስም ሆነ ለመካኒክ በቂ ማስረጃ አይሆንም። ከበሮው ሲከፈት የተገኘው አሮጌ ዕቃም እንዲሁ ነው፤ ቀድሞ የገጠመው ሰው ትክክለኛ እንደነበረ ምን ያስታውቃል?

በጥገና ቤት አማርኛ ፍሪሲዮን የሚባለው ይህ ክፍል ስሙን ከጣሊያንኛ የወረሰ ሲሆን ትርጉሙ ሰበቃ ማለት ነው፤ ስሙ ሥራውን በሚገባ ይገልጻል። የሞተሩ ኃይል በባለ ሦስት ረድፍ ካቴና ወደ ከበሮው ይደርሳል። በከበሮው ውስጥ በውጭ ጠርዛቸው ጥርስ ያላቸው የሰበቃ ዲስኮች ከከበሮው ጋር፣ በውስጥ ጠርዛቸው ጥርስ ያላቸው ልሙጥ የብረት ዲስኮች ደግሞ ከመካከለኛው እምብርት ጋር ተያይዘው አንዱ ባንዱ ላይ ይደረደራሉ። እምብርቱ በካምቢዮው ዋና ዘንግ ላይ የታሰረ ነው። በድርድሩ ላይ መጫኛ ዲስኩ፣ በእሱ ላይ እንደ ሰሐን የጎበጠው ዲያፍራም ሞላ ይቀመጣል፤ ሞላውንም በከበሮው ቦይ ውስጥ የሚገባ ቀለበት ይይዘዋል። በቀድሞው 750 የሰበቃ ዲስኮቹ 4 ነበሩ። በ850 ከነሐስ ብናኝ ተጋግረው የተሠሩ 5 ዲስኮች ሲገቡ ለተጨማሪው ዲስክ ቦታ መገኘት ስለ ነበረበት መጫኛ ዲስኩ እንዲሳሳ ተደረገ። ሁለቱ መጫኛ ዲስኮች የሚለያዩበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ከዚህ የረቀቀ ምሥጢር የለውም።

ችግሩን የሚያከብደው ሞላው ነው። ከኮማንዶ በፊት የነበሩት የኖርተን ፍሪሲዮኖች፣ እንደዚሁም ብዙዎቹ የትራያምፍ ሞተሮች፣ በጥቅል ሞላ ይሠሩ ነበር። የጥቅል ሞላ ጠባይ ግልጽ ነው፤ በተጨመቀ ቁጥር ኃይሉ በዚያው ልክ ያድጋል። ዲስኮቹ ሲያልቁ ሞላው ይረዝማል፣ ኃይሉ ይቀንሳል፣ እጀታው ይቀላል፣ በመጨረሻም ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። በዚህ ትምህርት ያደገ መካኒክ ዲያፍራም ሞላ ሲያጋጥመው ልማዱ ያሳስተዋል።

የሰሐን ሞላ ፈረንሳዊው ዡልየን ቤልቪል እ.ኤ.አ. በ1867 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ግኝት ነው፤ ስሌቱን እ.ኤ.አ. በ1936 አልመንና ላስሎ የተባሉ መሐንዲሶች ባቀረቡት ጽሑፍ አደራጅተውታል። የስሌቱ ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። የጉብታው ከፍታ ለብረቱ ውፍረት ሲካፈል ውጤቱ ከ1.41 በላይ ከሆነ ሞላው ሲጨመቅ ኃይሉ በመጀመሪያ ያድጋል፤ ከአንድ ጫፍ ከደረሰ በኋላ ግን ሞላው ወደ ዝርግነት ሲቃረብ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ዝርግነቱን ጥቂት እስኪያልፍም ይቀንሳል። ለሞተር ብስክሌት ነጂ ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ እጀታውን በጨበጠ ቁጥር የሚገጥመው ተቃውሞ ከማደግ ይልቅ ይረግባልና። በረከቱ የሚገኘው ግን ሞላው በተገጠመ ጊዜ በኩርባው ላይ በትክክለኛው ነጥብ ካረፈ ብቻ ነው። ነጥቡን የሚወስነው ደግሞ ሞላው ራሱ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ድርድር ጠቅላላ ውፍረት ነው።

እንግዲህ በ5 የሰበቃ ዲስኮች ላይ ወፍራሙ የ750 መጫኛ ዲስክ ቢገባ ድርድሩ ይረዝማል፤ ሞላው ከመነሻው ወደ ዝርግነት ተጠግቶ ወይም አልፎት ይቀመጣል፤ እጀታው እንደ ላባ ይቀላል፤ ዲስኮቹን የሚጨብጠው ኃይል ግን ያንሳል። ባለቤቱ «እንዴት ያለ ለስላሳ ፍሪሲዮን ነው» ብሎ ይደሰት ይሆናል። በተቃራኒው በ4 ዲስኮች ላይ ስሱ የ850 ዲስክ ቢገባ ድርድሩ ያጥራል፤ ሞላው ወደ ኃይሉ ጫፍ ይጠጋል፤ እጀታው ይከብዳል፤ በከተማ መንገድ በየመብራቱ የሚቆም ነጂ እጁ ይዝላል። ተመሳሳዩ ሁኔታ ያለ ምንም የዕቃ ስሕተት በእርጅና ብቻም ይደርሳል። አምስቱ የሰበቃ ዲስኮች እያንዳንዳቸው 0.1 ሚሊ ሜትር ቢያልቁ ድምሩ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለእንዲህ ያለው ሞላ ይህ ትንሽ መጠን አይደለም። የሚያሳዝነው በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው ገመዱ መሆኑ ነው። ገመዱ በዘይት ይታጠባል፣ ይለወጣል፣ እጀታው ሳይቀር ይለወጣል፤ ጥፋቱ ግን በከበሮው ውስጥ እንዳለ ይኖራል።

ስለሆነም ዕቃን መለየት የሚጀመረው በመለካት ነው። ዲስኮቹ በሙሉ ታጥበውና ደርቀው በመግጠሚያ ቅደም ተከተላቸው በዝርግ ገጽ ላይ ይደረደራሉ፤ መጫኛ ዲስኩም ይጨመራል፤ በእጅ ተጭነው ቁመታቸው በካሊበር ሦስት ቦታ ላይ ይለካል። ሦስቱ ልኬቶች ከተለያዩ የተጣመመ ዲስክ አለ ማለት ነው፤ ልሙጦቹን አንድ በአንድ በመስተዋት ላይ አስቀምጦ ማየት አጥፊውን ያጋልጣል። ልዩ ልዩ አምራቾች የሚያቀርቧቸው የሰበቃ ዲስኮች ውፍረታቸው አንድ ላይሆን ስለሚችል የዲስኮቹ ቁጥር ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ የሚታመነው ድምሩ ነው። የከበሮውና የእምብርቱ ጥርሶችም በጣት መዳሰስ ይኖርባቸዋል፤ ዲስኮቹ የቆፈሩት ጎድጎዳ ካለ ውፍረቱ ትክክል ሆኖ እንኳ ፍሪሲዮኑ በንጽሕና አይለቅም።

እዚህ ላይ መንሸራተት ሁሉ ከውፍረት የሚመጣ አለመሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው። ፍሪሲዮኑን የሚያስለቅቀው ገፊ ዘንግ የሚያልፈው ክፍት በሆነው የካምቢዮ ዋና ዘንግ ውስጥ ነው። የካምቢዮው ወፍራም ዘይት ይህን ዘንግ ተከትሎ ሾልኮ ዲስኮቹን ያርሳል፤ ካምቢዮው ከልኩ በላይ ሲሞላና ሞተር ብስክሌቱ በጎን መቆሚያው ፍሪሲዮኑ ወዳለበት ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ሲያድር ይብሳል። ምልክቱ የታወቀ ነው፤ ዲስኮቹ ሲታጠቡ ጥቂት ጊዜ በደንብ ይሠራና እንደገና ይንሸራተታል። ሞላው ደክሟል ብሎ ወፍራም ዲስክ የሚጨምር ሰው ከላይ በተገለጸው ምክንያት የመጨበጫውን ኃይል ይብሱን ይቀንሰዋል። መፍትሔው ዘይቱን በልኩ ማድረግና የሚሾልክበትን መንገድ መዝጋት ነው።

ስለ መፍታቱና መግጠሙ አንድ ነገር ጠንከር ብሎ መነገር አለበት። ዲያፍራም ሞላው በቀለበቱ ተይዞ ሳለ ከፍተኛ ኃይል አምቆ ይዟል። ቀለበቱን በካቻቢቴ ፈልቅቆ ለማውጣት መሞከር ድፍረት ሳይሆን ጅልነት ነው፤ ሞላው ተፈናጥሮ አጥንት ሊሰብር ይችላል። ለዚሁ ሥራ የተሠራው መሣሪያ በሞላው መካከል ባለው ጥርስ ላይ በበቂ መጠን ይታሰራል፤ ዳዶው እየተጠበቀ ሞላው ይዘረጋል፤ በከበሮው ውስጥ በነጻ መዞር ሲጀምር ብቻ ቀለበቱ ይወጣል። በመግጠምም ጊዜ ቀለበቱ በዙሪያው ሁሉ በቦዩ ውስጥ መቀመጡ በዓይንም በጣትም ሳይረጋገጥ መሣሪያው አይላላም።

ከዚያ በኋላ ገመዱ ላልቶ የመካከሉ ማስተካከያ ብሎን ገፊ ዘንጉን እስኪነካ ይጠብቃል፤ ጥቂት ተመልሶም ይታሰራል። ሞተሩ ሳይነሣ እጀታው ተጨብጦ መጫኛ ዲስኩ ዙሪያውን እኩል መነሣቱ ይታያል። የድርድሩ ጠቅላላ ውፍረት፣ የሰበቃ ዲስኮቹ ቁጥርና የመጫኛ ዲስኩ ውፍረት ብቻውን ከቀኑ ጋር በሞተር ብስክሌቱ የጥገና መዝገብ ይጻፋሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እጀታው ከበደኝ ሲባል ከበሮውን የሚከፍተው ሰው አዲሱን ልኬት የሚያነጻጽረው ከዚህ ቁጥር ጋር ነው።