የሸክላ ሠሪዋ ምርጫና የመሐንዲሱ ትእዛዝ

(ለተማሪዎች ማኅበር አባሎችና ለመምህራን የተነገረ)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «ለሥራችን የሚሆነውን ፕላስቲክ እንዴት እንምረጥ፥ እንዴት እንቍረጥ፥ እንዴትስ እንዘዝ?» የሚል ነው። ርእሱ ላንዳንዱ ሰው ደረቅ ሆኖ ይታየው ይሆናል። ፕላስቲክ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ፌስታል ይሄዳል፤ ፌስታልን ደግሞ የሚከለክል አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። ሆኖም ፌስታልና የማሽን ጥርስ የሚቀረጽበት ናይሎን የሚገናኙት በስም ብቻ ነው፤ በግብር የተለያዩ ናቸው። እኛም የምንናገረው ብረትና እንጨት ይሠሩት የነበረውን ሥራ ስለሚሠራው ስለ ጠንካራው ፕላስቲክ ነው።

ነገሩን ከቅርብ ጎረቤታችን ከቀጨኔ እንጀምር። ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በእግር ለሚሄድ ሰው ቀጨኔ ሩቅ አይደለም። ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፥ በቀጨኔ መድኃኔ ዓለም አካባቢ፥ ሸክላ ሠሪውና ሸማኔው ለብዙ ዘመን በእጁ ሥራ ኖሮበታል። ሸክላ ሠሪዋ ለሥራ ስትነሣ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ምን ሊሠራበት ነው?» ብላ ነው። ዕቃው በእሳት ላይ የሚጣድ ከሆነ አፈሩን ትለያለች፥ የተፈጨ ገል ትቀላቅልበታለች፥ እስኪደርቅ ትታገሣለች። ገሉ የሚገባበት ምክንያት አለው፤ ጭቃው ሲደርቅና እሳት ሲነካው እንዳይሰነጠቅ ያደርገዋል። እኛ በክፍል ውስጥ «የቁሳቁስ ምርጫ» ብለን የምንማረውን ትምህርት እርሷ ከእናቷ እጅ ተቀብላዋለች።

ይህን የመሰለ ዕውቀት በአገራችን ለብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስኪያስነግሩ ድረስ የደረሰ ንቀት ነበር፤ ርዝራዡም ዛሬ ጨርሶ አልጠፋም። ስለዚህ ስለ አዲስ ቁሳቁስ ስንናገር ባለእጁን ለማስተማር ብቻ የተነሣን አይምሰለን፤ ከእርሱ የምንማረው የመጀመሪያው ትምህርት አለ። ይኸውም፦ ከዕቃው በፊት ሥራውን ዕወቅ።

እንግዲህ አንድ የማሽን ክፍል ከፕላስቲክ ለመሥራት ስናስብ ሦስት ጥያቄዎችን እናስቀድም። ምን ያህል ጭነትና ፍትጊያ ይደርስበታል? ምን ያህል ሙቀት ያገኘዋል? ውኃ ይነካዋልን?

ስለ ሙቀት ብዙ ማለት አያሻም፤ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ፒ.ቪ.ሲ. ከ80 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ይለሰልሳል፤ መስታወት የሚመስለው አክሪሊክ በ105 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። አሴታል በ165 እና በ175 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል። ናይሎን 6 በ220፥ ናይሎን 66 በ260፥ ቴፍሎን በ327 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣሉ። ይሁን እንጂ ማንኛውም ፕላስቲክ ከመቅለጡ ብዙ ቀደም ብሎ ጉልበቱን ያጣልና፥ የሚቀልጥበትን ልክ የሚሠራበት ልክ አድርጎ የሚቈጥር ሰው ይሳሳታል። እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ200 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ስለዚህ ናይሎንን ወደዚያ ማስጠጋት ዋጋ ማባከን ነው። ለምጣድ እጀታ እስከ ዛሬ የሚያገለግለው ባክላይት፥ ሊዮ ቤክላንድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1907 ያገኘው፥ አንድ ጊዜ ከጠነከረ በኋላ በሙቀት ተመልሶ የማይቀልጥ ዓይነት ነው።

የውኃው ጥያቄ ግን ረቂቅ ስለሆነ በምሳሌ እንየው። በቀጨኔ አብዛኛው ሸክላ የሚሠራው በእጅ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው በእግር የሚገፋ የሸክላ መንኰራኵር ሊሠራ ተነሣ እንበል። የሻፍቱ ውፍረት 30 ሚሊሜትር ነው። ሻፍቱ የሚዞርበትን ቀለበት ከፕላስቲክ ሊቀርጽ ፈለገ፤ ኩሽኔታ ውድ ነው፥ ጭቃም ቶሎ ያበላሸዋል። «ናይሎን ጠንካራ ነው» ሲባል ሰምቶ 6 ሚሊሜትር ግድግዳ ያለው የናይሎን ቀለበት ቈረጠና በብረት ቤት ውስጥ አጥብቆ አስገባው። በሻፍቱና በቀለበቱ መካከልም 0.15 ሚሊሜትር ክፍተት ተወለት። በደረቅ ቀን መንኰራኵሩ እንደ ውኃ ይዞራል።

አሁን የጭቃው ውኃ ይግባበት። ናይሎን ውኃ ይጠጣል፤ ጠጥቶ ሲጠግብ መጠኑ በ2 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ሊያድግ ይችላል። የሁለቱ ወገን ግድግዳ ሲደመር 12 ሚሊሜትር ነው፤ የ12 ሁለት በመቶ 0.24 ይሆናል። ቀለበቱ ውጪውን በብረት ስለተከበበ የሚያድገው ወደ ውስጥ ነው። የተተወው ክፍተት ግን 0.15 ብቻ ነበር። እንግዲህ ቀለበቱ ሻፍቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ መንኰራኵሩ ይቆማል፤ ሸክላ ሠሪዋም «የእናንተ ማሽን ይቅርብኝ» ብላ ወደ እጇ ትመለሳለች። ፍርዷም እውነት ነው። ማሽኑን ያቆመው የአንድ ሥራ ጠባይ አለመጠየቁ ነው።

ለዚህ ሥራ አሴታል ይሻላል። በአንድ ቀን የሚጠጣው ውኃ ከክብደቱ 0.2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በጣም ረዣዥም ሞለኪውል ያለው ፖሊኤቲሊን ደግሞ ውኃን ጨርሶ አይጠጣም ለማለት ይቻላል፥ ፍትጊያንም ይችላል፤ ነገር ግን ለስላሳ ስለሆነ ከባድ ጭነት ያጐብጠዋል፥ በሙቀትም እጅግ ይለጠጣል። አሴታሉም ቢሆን ከላይ ክዳን ያስፈልገዋል፤ የጭቃው አሸዋ ከገባበት በፕላስቲኩ ውስጥ ተሰክቶ እንደ ሞረድ ሆኖ ሻፍቱን ይበላዋልና።

ስለ ሸማኔው መወርወሪያም ጥቂት እንበል። ከፕላስቲክ ቢሠራ ይለሰልሳል፥ አይሰነጠቅም የሚል ሐሳብ ይነሣል። ነገር ግን በበጋ ደረቅ አየር ፕላስቲክ በፍትጊያ ኤሌክትሪክ ያጠራቅምና የጥጥ ብናኝ ይስባል። እንጨቱ ካላስቸገረው ሸማኔው እንጨቱን ይያዝ። አዲስ ዕቃ የሚገባው ችግር ባለበት ቦታ ነው።

አሁን ወደ ቶርኖው እንምጣ። ብረት የለመደ እጅ ፕላስቲክን ሲቈርጥ የሚስተው በሦስት ነገር ነው።

አንደኛው ሙቀት ነው። ፕላስቲክ ሙቀትን አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ስለቱ ከደነዘ ሙቀቱ እዚያው ተከማችቶ ፊቱን ያቀልጠዋል። ስለቱ እንደ ምላጭ የተሳለ፥ ፍቅፋቂውም ሳይጠመጠም የሚወጣ ይሁን። ለማቀዝቀዝ ነፋስ ይበቃል። ዘይትና መሟሟቻ በአክሪሊክና በፖሊካርቦኔት ላይ ባይፈስ ይሻላል፤ አንዳንዱ ውሎ አድሮ ይሰነጥቃቸዋል።

ሁለተኛው አያያዝ ነው። የቶርኖው መንጋጋ ቀለበቱን አጥብቆ ከያዘው ክቡ ይጣመማል፤ ተይዞ ሳለ ትክክል ክብ የነበረው ቀዳዳ ሲለቀቅ ሞላላ ይሆናል።

ሦስተኛው ልኬት ነው። 100 ሚሊሜትር የሆነ አሴታል በ20 ዲግሪ የሙቀት ለውጥ 0.22 ሚሊሜትር ያህል ይለጠጣል፤ ብረት ግን በዚያው ለውጥ 0.024 ብቻ ነው። ስለዚህ ከቶርኖው ትኩሱን አውጥቶ የሚለካ ሰው የሚለካው ነገ የማይኖረውን ነው። መጀመሪያ በሻካራው ቈርጦ፥ በውስጡ የተቋጠረው ውጥረት እንዲላላ አሳድሮ፥ በማግስቱ በቀዝቃዛው መጨረስ ይገባል።

ስለ ጤናም አንድ ቃል። ቴፍሎን ከልክ በላይ ሲሞቅ የሚያሳምም ጢስ ያወጣል፤ ብናኙ በእጅ ላይ ሳለ ሲጋራ ማጨስ በገዛ እጅ መርዝ መሳብ ነው። የአሴታል ነበልባልም በብርሃን እምብዛም አይታይምና ፍቅፋቂውን ብየዳ አጠገብ አታከማቹ።

ቀጥሎ የሚመጣው «በእጃችን ያለው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ከመርካቶ፥ ከምናለሽ ተራ፥ ከአሮጌ ማሽን የወጣ ቍራጭ ስሙን ጽፎ አይመጣም፤ ነጭ የሆነ ሁሉም ቴፍሎን አይደለም። ለመለየት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ሁለት ብርጭቆ አቅርቡ፤ ባንዱ ንጹሕ ውኃ፥ በሁለተኛው ጨው እስኪበቃው የሟሟበት ውኃ ይኑር። በንጹሑ ውኃ ላይ ከተንሳፈፈ ፖሊኤቲሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው ብሎ መገመት ይቻላል። በንጹሑ ሰጥሞ በጨዋማው ከተንሳፈፈ ናይሎን ወይም አክሪሊክ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ከሰጠመ አሴታል፥ ፒ.ቪ.ሲ. ወይም ቴፍሎን መሆኑን ጠርጥሩ። ቴፍሎን ከውኃ በሁለት እጥፍ ስለሚከብድ ሚዛን ይለየዋል። አሴታልና ፒ.ቪ.ሲ. ግን ክብደታቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ እነርሱን ለመለየት የጋለ የመዳብ ሽቦ አስነክታችሁ ሽቦውን ወደ ነበልባል መልሱት። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ፒ.ቪ.ሲ. ነው። ይህን በደጅ፥ በትንሽ ቅንጣት፥ ጢሱን ሳትስቡ አድርጉት።

በመጨረሻ ስለ ማዘዝ። እዚህ ላይ የምርጫ ስሕተት ወደ ገንዘብ ይለወጣል። እነዚህ ዕቃዎች በአብዛኛው የሚመጡት በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ያው ዶላር ብዙ ብር ይጠይቃል። ዕቃው በጅቡቲ ወደብ ቢመጣ ጊዜ ይፈጃል፥ በአውሮፕላን ቢመጣ በኪሎ ይከፈልበታል። ተሳስቶ የታዘዘ ዘንግ የመመረቂያ ሥራን ሳያልቅ ያስቀራል።

ስለዚህ ትእዛዝ ስንጽፍ «ፕላስቲክ፥ ነጭ፥ ወፍራም» ብለን አንጻፍ። ዓይነቱ፥ ናይሎን ከሆነም 6 ወይም 66 መሆኑና በመፍሰስ ወይም በመገፋት መሠራቱ ይጻፍ። ቅርጹ ዘንግ፥ ቱቦ ወይም ጠፍጣፋ መሆኑ፥ መጠኑ፥ ብዛቱና ቀለሙ ይጠቀስ፤ ለፀሐይ የሚጋለጥ ከሆነ ካርቦን ያለበት ጥቁር ይመረጣል።

ርዝመቱንም በሒሳብ እንወቀው። እያንዳንዳቸው 40 ሚሊሜትር የሆኑ 10 ቀለበቶች 400 ሚሊሜትር ይሆናሉ፤ ለእያንዳንዱ መጋዙ የሚበላው 3 እና ፊቱን ለማስተካከል 2 ሲጨመር 450 ይደርሳል፤ መንጋጋው የሚይዘው 40 ሲታከል 490 ነው። እንግዲህ ግማሽ ሜትር እናዛለን ማለት ነው። ዋጋ ስናወዳድርም በኪሎ ብቻ አንፍረድ። ውፍረቱ 60 ሚሊሜትር፥ ርዝመቱ 1 ሜትር የሆነ አሴታል 4 ኪሎ ያህል ሲመዝን፥ ያው መጠን ያለው ቴፍሎን ከ6 ኪሎ ይበልጣል፤ ከብረት ቢሆን 22 ኪሎ በሆነ ነበር።

ወንድሞችና እህቶች፤ ይህን ሁሉ የተናገርነው ሰምተን እንድንበተን አይደለምና፥ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፥ የየዓይነቱ ቍራጭ ስሙ፥ ክብደቱና የሚችለው ሙቀት ተጽፎበት በአንድ ሰሌዳ ላይ ይሰቀል። ተማሪ ከማዘዙ በፊት በእጁ ይዳስሰው።

ሁለተኛ፥ የየክፍሉ ትእዛዝ በተናጠል ከሚሄድ በየመንፈቁ ተሰብስቦ በአንድነት ይጻፍ፤ ትርፍራፊውም በአንድ ሣጥን ይቀመጥ። ለአንዱ ትርፍ የሆነው 50 ሚሊሜትር ለሌላው ሙሉ ሥራ ነው።

ሦስተኛና ዋነኛው፥ ከአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች መካከል ፈቃደኞች በየመንፈቁ ወደ ቀጨኔ ሄደው አንዲት ሸክላ ሠሪ ወይም አንድ ሸማኔ የሚቸገርበትን አንድ ክፍል ብቻ ይጠይቁ። መልስ ይዘው አይሂዱ፤ ካሊፐርና ደብተር ይዘው ይሂዱ። የሠሩትንም ክፍል በበጋ ሰጥተው በክረምት ይመልከቱት። በሐምሌ ዝናብ ውስጥ የሚዞር ቀለበት ከማንኛውም ፈተና የሚበልጥ ውጤት ይሰጠናል።

ስለ ሥልጣኔ ብዙ ተናግረናል፥ ብዙም ጽፈናል። ከደጃችን ያለው ባለእጅ ግን የሚለካን በንግግራችን ብዛት ሳይሆን ሠርተን በሰጠነው ዕቃ ዕድሜ ነው። የሸክላ ሠሪዋ ምጣድ ከተሰነጠቀ በማግስቱ ገዢዋ መልሳ ታመጣባታለች። የእኛም ሥራ እንዲሁ የሚጠይቀው ሰው ይኑረው።