ካሜራ በልጅ እጅ፦ ስለ «አፍተርሰን» ፊልም የቀረበ ንግግር



የቤተሰብን ሕይወት የሚተርክ ፊልም ዘወትር የሚገጥመው አንድ ችግር አለ። ይኸውም ካሜራው በማን ዐይን ያያል የሚለው ነው። ዲሬክተሩ ሁሉን ዐዋቂ ሆኖ በየክፍሉ ከገባ የቤተሰብ ምስጢር ምስጢርነቱ ይቀራል። በአንድ ሰው ዐይን ብቻ ካየ ደግሞ ያ ሰው ያላየው ሁሉ ከተመልካቹም ይሰወራል። ይህን ችግር ካሜራውን ለልጅ በመስጠት ለመፍታት ከሞከሩት ሥራዎች መካከል ስኮትላንዳዊቷ ሻርለት ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2022 ያቀረበችው «አፍተርሰን» የተሰኘው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሟ ተለይቶ ሊጠና የሚገባው ነው።

ታሪኩ ሲነገር ቀላል ነው። በ1990ዎቹ መገባደጃ ላይ ካለም የተባለ ወጣት አባት፣ ከእናቷ ጋር ተለያይቶ የሚኖር እንደ መሆኑ፣ የ11 ዓመት ልጁን ሶፊን ይዞ ወደ ቱርክ የባሕር ዳርቻ ለዕረፍት ይሄዳል። ይዋኛሉ፤ ይበላሉ፤ ይጫወታሉ። ያመጧትን ትንሽ የቪዲዮ ካሜራ አንዳንዴ ልጅቱ፣ አንዳንዴም አባትዮው ይዞ ይቀርፃል። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ አባቷ ያን ጊዜ ወደ ነበረበት ዕድሜ የደረሰችው ሶፊ ያንን ቅጂ እንደገና ታያለች። አባትዮው ምን እንደ ደረሰበት ፊልሙ በቃል አይናገርም። ሆኖም ያ ዕረፍት የመጨረሻቸው ሳይሆን እንዳልቀረ ተመልካቹ ቀስ በቀስ ወደ መገመት ይደርሳል።

ለባለሙያ ከፍተኛ ትምህርት የሚሆነው የሥዕሎቹ አደላደል ነው። የካሜራ ባለሙያው ግሬጎሪ ኦክ ዋናውን ፊልም የቀረፀው በ35 ሚሊሜትር ፊልም ሲሆን፣ የቤተሰቡ ቅጂ ግን እ.ኤ.አ. በ1995 ለገበያ በቀረበው በሚኒ ዲቪ ካሴት የተቀረፀ ነው። በካሴቱ ላይ ቀለሙ የደበዘዘ፣ መስመሩ የሻከረ፣ እንቅስቃሴውም የሚንቀጠቀጥ ነው። ከዚህ ልዩነት የተነሣ ተመልካቹ የተቀረፀውን ከሚታወሰው፣ የሚታወሰውንም ከሚገመተው ለይቶ ለማየት ይችላል። የልጅቱ ካሜራ ፊልሙን ሁሉ አይሸፍንም። ከፊልሙ ርዝመት ጥቂቱን ብቻ ይይዛል፤ ነገር ግን የቀረው ሁሉ የቆመው በእርሱ ላይ ነው።

ይህም በሆቴሉ ክፍል ውስጥ በሚታየው ትዕይንት በግልጽ ይታወቃል። ሶፊ ካሜራውን ከቴሌቪዥን ጋር አያይዛ አባቷን እንደ ጋዜጠኛ ትጠይቃለች፤ በ11 ዓመቱ ሳለ ወደፊት ምን እሆናለሁ ብሎ ያስብ እንደ ነበረ ልታውቅ ትፈልጋለች። አባትዮው ዝም ይላል፤ ካሜራው እንዲዘጋም ይጠይቃል። ልጅቱም በአእምሮዋ ካሜራ እንደምትቀርፀው ትነግረዋለች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ የሚታዩት በጠፋው ቴሌቪዥን ጥቁር መስኮት ላይ እንደ ጥላ ብቻ ነው። አባትዮው 11 ዓመት የሞላው ዕለት ከቤተሰቡ ማንም ልደቱን እንዳላስታወሰለት የሚናገረው በዚህ ጊዜ ነው። ካሴቱ ሲቆም እውነቱ ተነገረ፤ ልጅቱም ያን እውነት ለመሸከም ሌላ ዕቃ አልነበራትም፣ ከራሷ ትዝታ በቀር።

አባትዮው ብቻውን አልጋ ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ሰጥቶ ሲያለቅስ የሚታይበት ትዕይንትም አለ። ይህን ማንም አልቀረፀውም፤ ልጅቱም አላየችውም። አድጋ የጎደለውን ልትሞላ የምትጥር ሴት ግምት እንደ ሆነ ለመረዳት ይቻላል።

የታይዋኑ ዲሬክተር ኤድዋርድ ያንግ እ.ኤ.አ. በ2000 በካን የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ዲሬክተርነት ሽልማት ባገኘበት «ዪ ዪ» በተባለው ፊልሙ ይህንኑ ሐሳብ በሌላ መንገድ አቅርቦት ነበር። በዚያ ፊልም አንድ ትንሽ ልጅ የሰዎችን ማጅራት ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ሰው የራሱን ጀርባ ማየት ስለማይችል ሊያሳያቸው ፈልጎ ነው። በሁለቱም ሥራዎች የልጅ ካሜራ ዋጋ የሚያገኘው ዐዋቂዎች ያላዩትን ወይም ሊያሳዩት ያልፈለጉትን ስለሚነካ ነው።

የሚንቀጠቀጥ ሥዕል የተመልካችን ስሜት በርካሽ ለመግዛት የሚደረግ ብልሃት ነው የሚሉ አሉ። አባባሉ ከብዙ ፊልሞች አንጻር እውነትነት አለው፤ መንቀጥቀጥ ብቻውን የእውነት ምስክር አይሆንምና። ይሁን እንጂ ዌልስ የልጅን እጅ ለማስመሰል ስትል ጥበብን አልጣለችም። የልጅቱን የማየት ወሰን አክብራ፣ ከወሰኑ ውጭ ያለውን በጸጥታና በጥላ አመለከተች እንጂ በግድ አላብራራችውም።

የፊልሙ ፍጻሜ ይህን ያጸናል። በአውሮፕላን ማረፊያው ሶፊ እጇን እያወዛወዘች ስትሰናበት ቀራፂው አባቷ ነው፤ ስለዚህ በዚያ ሥዕል ውስጥ እርሱ የለም። ሥዕሉ ቀጥ ይላል። ከዚያም ዋናው ካሜራ ቀስ ብሎ ዞሮ ያደገችውን ሶፊ በመኖሪያ ክፍሏ ያሳያል፤ ጉዞውን ቀጥሎም ካሴቱ ሊያሳያት ያልቻለውን ሰው ይደርስበታል። ካለም ካሜራውን ዘግቶ በረጅሙ መተላለፊያ ሄዶ ከበሩ ማዶ ይሰወራል።

የቤተሰብ ቅጂ ሁሉ ይህ ጉድለት አለበት። የልጆቹን ሣቅ፣ ድግሱንና ባሕሩን ያሳያል፤ ካሜራውን ይዞ የቆመውን ግን አያሳይም። ሰርግና ክርስትና እንዲቀርፅ የሚጠራ ባለሙያም ከዚህ ፊልም የሚወስደው ትምህርት አለ። ድግሱን ቀርፆ ካሜራውን ከመዝጋቱ በፊት፣ ጥግ ይዘው ሌላውን ሲያስተናግዱ ወደ ዋሉት ሰዎች አንድ ጊዜ ዞር ማለት ይገባዋል። ልጆቹ አድገው ካሴቱን በሚከፍቱበት ቀን የሚፈልጉት የእነዚህኑ ሰዎች ፊት ይሆናልና።