«ግራፊክሱ ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ግድብ ወይም ድልድይ አይደለም፤ በአንድ ፎቶ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ ነው። ይሁን እንጂ እንደ ጉንደ ወይን ባለ ከተማ ይህ ላፕቶፕ የአንድ ቤተ ሰብ እንጀራ፣ የብዙ ቤተ ሰብም የመታሰቢያ ሣጥን ነው። የጉርድ ፎቶግራፍ፣ የሠርግ አልበም፣ የምረቃ ሥዕል፣ ከአሮጌ መታወቂያ ተነሥቶ ለሙት ዓመት የሚታደሰው የሟች ፎቶግራፍ ሁሉ የሚሠራው በእርሱ ነው።

የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ጉንደ ወይን በቢቸናና በሞጣ መካከል ትገኛለች። ባለሙያው ላፕቶፑን ለማስጠገን በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር፣ ወይም በቢቸናና በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። ስለዚህ የተሳሳተ ምርመራ የሚያስከፍለው የዕቃውን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የመንገዱን፣ የማደሪያውንና ፎቶ ቤቱ ተዘግቶ የሚውልበትን ቀን ጭምር ነው።

በመጀመሪያ የነገሩን አሠራር እንመልከት። ፎቶሾፕ የተባለው ሶፍትዌር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 ለገበያ ሲቀርብ ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው የኮምፒውተሩ ዋና ፕሮሰሰር ነበር። ከ2008 ወዲህ ግን ምስልን ማጉላትና ማዞር፣ ቀጥሎም ከባድ ከባድ ስሌቶች በከፊል ወደ ግራፊክስ ፕሮሰሰሩ ተዛውረዋል። በሶፍትዌሩና በግራፊክስ ፕሮሰሰሩ መካከል እንደ አስተርጓሚ የሚያገለግለው ድራይቨር ነው። አስተርጓሚው ሲሳሳት ሁለቱ ጤነኞች ሆነው ሳለ አይግባቡም።

ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ የሚመራበት አንድ ደንብ አለ። ግራፊክስ ፕሮሰሰሩ በ2 ሴኮንድ ውስጥ መልስ ካልሰጠ እንደ ተሰናከለ ቈጥሮ ድራይቨሩን እንደ ገና ያስነሣዋል። ስክሪኑ ለአፍታ ጠቁሮ ተመልሶ፣ ሶፍትዌሩ ግን ተዘግቶ ሲገኝ ብዙ ጊዜ የሆነው ይኸው ነው። ይህም የመዘግየት ምልክት እንጂ የመቃጠል ማስረጃ አይደለም።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በጉንደ ወይን አንድ ባለ ፎቶ ቤት ትልቅ ምስል ሲያጎላ ስክሪኑ በጥቁርና በቀለማት ካሬዎች ይሸፈንበታል፤ ከዚያም ሶፍትዌሩ ይዘጋበታል። «ግራፊክሱ ተቃጥሏል፤ ሌላ ግዛ» ተብሎም ነበር። ምርመራውን በሚከተለው ቅደም ተከተል አካሄድነው።

አንደኛ፣ ምንም ነገር ከመነካቱ በፊት የደንበኞቹ ፎቶግራፎች በሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ተገለበጡ። ላፕቶፕ ይተካል፤ የሙት አባት ብቸኛ ፎቶግራፍ ግን አይተካም።

ሁለተኛ፣ ጉድለቱ የስክሪኑ ነው ወይስ ወደ ስክሪኑ የሚላከው ምስል ነው? ተብሎ ተጠየቀ። ካሬዎቹ በታዩበት ጊዜ ስክሪንሾት ተነሥቶ በሌላ ኮምፒውተር ተመረመረ። ስክሪንሾቱ ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬው በቅድሚያ በስክሪኑና በገመዱ ላይ በወደቀ ነበር። ካሬዎቹ በስክሪንሾቱም ላይ ስለ ታዩ ግን ስክሪኑ ከጥርጣሬ ነጻ ወጣ። ከዚህም ሌላ ላፕቶፑ ሲነሣ፣ ዊንዶውስ ከመግባቱ በፊት በሚታየው የአምራቹ ገጽ ላይ አንዳችም የተበላሸ መስመር አልነበረም።

ሦስተኛ፣ በሶፍትዌሩ ማስተካከያ ውስጥ ግራፊክስ ፕሮሰሰሩን እንዲጠቀም የሚያዝዘው ምልክት ተነሣና ያው ምስል፣ ያው ሥራ ተደገመ። ሥራው ቢዘገይም ሶፍትዌሩ አልተዘጋም። ባለ ፎቶ ቤቱ «እንግዲህ ዳነ» ብሎ ደስ አለው። ነገር ግን ገና የታወቀው በሽታው ያለበት ቦታ እንጂ መድኃኒቱ አልነበረም።

አራተኛ፣ ድራይቨሩ ሲመረመር ለሌላ ሞዴል የተዘጋጀ ሆኖ ተገኘ። እርሱ ወጥቶ ለላፕቶፑ ተገቢ የሆነው ገባ፤ የተነሣውም ምልክት ተመለሰ። ካሬዎቹ ጠፉ፤ ሶፍትዌሩ ግን ከአንድ ሰዓት ያህል ሥራ በኋላ አልፎ አልፎ መዘጋቱን አልተወም።

አምስተኛ፣ ከረዥም ሥራ በኋላ ብቻ የሚመጣ ጉድለት ወደ ሙቀት ይጠቁማል። ላፕቶፑ ሲከፈት የማቀዝቀዣው መተንፈሻ በአቧራ ተደፍኖ ተገኘ። ጉንደ ወይን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ የሚሸከመው ሙቀት አነስተኛ ነው። አቧራው ተጠረገ፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል ያለው የደረቀ ቅባት ተለወጠ፤ ላፕቶፑም ከጨርቅ ላይ ተነሥቶ በጣውላ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ሥራው ያለ መቋረጥ ቀጠለ፤ የአዲሱ ላፕቶፕ ገንዘብም ሳይወጣ ቀረ።

ልብ በሉ፤ ምክንያቱ አንድ ሳይሆን ሁለት ነበር። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ተለውጦ ቢሆን ኖሮ የትኛው እንደ ጠቀመ ባልታወቀ፣ ችግሩ ሲመለስም ምርመራው እንደ ገና ከመጀመሪያው በተነሣ ነበር።

መዘጋት ሁሉ ከግራፊክስ አይመጣም። ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶግራፍ እያንዳንዱ ነጥብ 3 ባይት ስለሚይዝ በራም ውስጥ 72 ሜጋባይት ይሆናል። 10 ሙሉ ሌየር ቢደራረብበት 720 ሜጋባይት ይደርሳል፤ ወደ ኋላ ለመመለስ የሚቀመጠው ታሪክ ሲጨመር ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ራሙ ሲያንስ ሶፍትዌሩ ወደ ሃርድ ዲስኩ ይዞራል፤ ዲስኩም ከሞላ መሄጃ ያጣል። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የተበላሸ የግዕዝ ፊደል ፋይልም ሶፍትዌሩን ገና ሲነሣ ሊዘጋው ይችላል። ያለ ፈቃድ የተባዛ ሶፍትዌር ደግሞ ማን እንደ ነካካው ስለማይታወቅ ምርመራውን መሠረት ያሳጣዋል። አቅም ለሌለው ሰው በነጻ የሚገኘው ጂምፕ ከ1996 ጀምሮ ለሕዝብ ቀርቧል።

ክቡራን ሆይ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ስለሆነም እያንዳንዱ ፎቶ ቤት አንድ ደብተር እንዲኖረው እንምከር። ሶፍትዌሩ የተዘጋበት ቀንና ሰዓት፣ በዚያ ጊዜ ይሠራ የነበረው ሥራ፣ ላፕቶፑ በመብራት ወይም በባትሪ መሆኑ ይጻፍበት። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር እናስታውሳለን። ስለዚህ ወደ ትውልድ አገሩ የሚሄድ አባላችን ሁሉ ተገቢዎቹን ድራይቨሮች በፍላሽ ይዞ ቢሄድ ትልቅ ውለታ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ «ተቃጥሏል» የሚለው ቃል ከአንደበታችን የሚወጣው ከምርመራ በኋላ ይሁን። ቃሉን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ያመነን ሰው ግን በዚህ ቃል ምክንያት የዓመት ገቢውን ሊያወጣ ይችላል።